ብድር በምድር፦ ደቡብ ኮሪያ ለፋብሪካዎቿ የሰጠችውና የጠየቀችው

የደቡብ ኮሪያ እድገት የኢኮኖሚ ምሁራንን ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። አንዱ ወገን መንግሥት ለገበያው መንገድ ስለለቀቀ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ መንግሥት ፋብሪካዎቹን ደግፎ ስላሳደጋቸው ነው ይላል። ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ያልፉታል። ለባለ ፋብሪካ ብድር፣ የቀረጥ ነፃ መብትና ከውጭ ውድድር ከለላ ያልሰጠ ታዳጊ አገር ማግኘት ያስቸግራል፤ ድጋፍ ብቻውን የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ድሃ አገር ባልቀረ ነበር። ኮሪያን የለያት ለሰጠችው ሁሉ ምላሽ መጠየቋ ነው። አሜሪካዊቷ የኢኮኖሚ ምሁር አሊስ አምስደን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው አሳይተዋል፦ መንግሥት ኩባንያዎቹን የደገፈውን ያህል ተቆጣጥሯቸዋል፤ ቃሉን ያጠፈውንም ቀጥቷል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ የንግድ ባንኮች በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ገቡ። ከዚያ ወዲህ ርካሽ ብድር የሚያገኘው ዕቃውን ወደ ውጭ የሚልክ ሆነ። ከውጭ ገዢ የተከፈተለትን ኤልሲ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ሰነድ) ይዞ ባንክ የቀረበ ላኪ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ 6 በመቶ አካባቢ በሆነ ወለድ ሲበደር፣ ሌላው ተበዳሪ ከ20 በመቶ በላይ ይከፍል ነበር። ላኪው ዊግ ይላክ፣ ኮምፔንሳቶ ይላክ፣ ሹራብ ይላክ፣ ሕጉ አንድ ነው። ፕሬዚዳንቱም በየወሩ ሚኒስትሮችንና ነጋዴዎችን ሰብስበው የወጪ ንግዱን ዕቅድና ክንውን ራሳቸው ይገመግሙ ነበር። በ1964 የአገሪቱ የወጪ ንግድ 100 ሚሊዮን ዶላር ሲሞላ ቀኑ በየዓመቱ እንዲከበር ተወሰነ፤ በ1977 ገቢው 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

የወጪ ንግድ መለኪያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በታሪፍ ታጥሮ በአገር ውስጥ ብቻ የሚሸጥ ፋብሪካ ትርፉን ያገኘው ከጥራቱ ይሁን ከከለላው ለመለየት አዳጋች ነው፤ ሪፖርቱንም ማሳመር ይቻላል። የኒው ዮርክ ገዢ ግን የሴኡል ሚኒስትር ዘመድ አይደለም፤ ሸሚዙ ካልጣመው አይገዛም። ስለዚህ ማን እንደሠራ፣ ማን እንዳልሠራ የሚናገረው ከቢሮክራሲው ውጭ ያለ ዳኛ ነበር። በ1960ዎቹ የመኪና ገበያውን ይመራ የነበረው ሺንጂን ሲወድቅ መንግሥት አላነሣውም፤ ፋብሪካው በኋላ ለዴዉ ተላልፏል። በአንጻሩ የዓለም ባንክ አያዋጣም ያለው የፖሃንግ ብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ጃፓን በ1965ቱ ስምምነት መሠረት በከፈለችው ገንዘብ ጭምር ተገንብቶ በ1973 ሥራ ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ከዓለም ታላላቅ ብረት አምራቾች ተርታ ተሰለፈ።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል፦ ይህ ሁሉ ሙስናን መሸፋፈኛ ነው የሚል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ዴቪድ ካንግ ኮሪያንና ፊሊፒንስን አነጻጽረው በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በኮሪያም ባለሥልጣንና ባለሀብት እጅና ጓንት እንደነበሩ አሳይተዋል። ከአገሪቱ ታላላቅ የንግድ ቡድኖች አንዱ የነበረው ኩክጄ በ1985 በመንግሥት ትእዛዝ ሲበተን የፖለቲካ ቂም ነው ተብሎ በሰፊው ተወራ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በ1993 እርምጃው ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብሎ በይኗል። ይህ እውነት ነው፤ ዱላው ለቂም መወጫም ውሏል። ሆኖም ጉቦ በር ቢያስከፍትም ዕቃ ከመላክ ግን አያድንም ነበር። ሙስናው ኖሮም ግዴታው አልፈረሰም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ውጤቱን ለአምባገነንነት ይሰጣል። ፈርዲናንድ ማርቆስ በፊሊፒንስ የወታደራዊ አስተዳደር አዋጅ ያወጁት በመስከረም 1972 ነው፤ ፓርክ በቀጣዩ ወር ሥልጣናቸውን ያለ ገደብ አሰፉ። ክንዱ አንድ፣ ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። ማርቆስ የስኳርና የኮኮናት ንግዱን ለወዳጆቻቸው ሲያስረክቡ ምላሽ አልጠየቁም። ከልዩነቱ ጀርባ የመሬት ይዞታም አለ፦ ኮሪያ በ1950 በተጀመረው የመሬት ማሻሻያ ይዞታን በሦስት ሄክታር ገደማ ስለወሰነች የባላባቱ መደብ ተዳክሞ ነበር፤ በፊሊፒንስ ግን ባለ ሰፋፊ መሬት ቤተሰቦች ኃይላቸውን እንደያዙ ቀሩ። በኮሪያ ጭቆናው ያስከፈለው ዋጋም ከባድ ነበር። በሴኡል የልብስ ገበያ ይሠራ የነበረው የ22 ዓመቱ ልብስ ሰፊ ቾን ቴ ኢል የሠራተኛ ሕጉ ይከበር ብሎ ኅዳር 1970 ራሱን በእሳት አቃጥሏል። ከ1987 በኋላ አገሪቱ ወደ ዴሞክራሲ ስትሸጋገር እድገቷ አለመቆሙ ደግሞ ጭቆናው የእድገቱ ምሥጢር እንዳልነበረ ይመሰክራል።

የ1997ቱ የገንዘብ ቀውስስ? ብዙዎች የኮሪያ መንገድ ያኔ ከሰረ ብለው ደምድመዋል። ነገር ግን ሃ ጁን ቻንግን የመሰሉ ምሁራን እንደሚሉት፣ ከቀውሱ በፊት መንግሥት ኩባንያዎች ከውጭ የሚወስዱትን የአጭር ጊዜ ብድር መቆጣጠሩን ትቶ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የወደቀው ሃንቦ ብረታ ብረት በዕዳ ተዘፍቆ፣ ብድሩንም በፖለቲካ ትውውቅ ያገኘ ነበር። ድጋፉ ሳይነሣ ግዴታው ቀደም ብሎ ተነሣ ማለት ይቻላል።

ይህ ክርክር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ «ልማታዊ መንግሥት» ሲባል በአርአያነት ሲጠሩ የነበሩት ኮሪያና ታይዋን ናቸው። ብድሩንና ከለላውን መቅዳት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ቃሉን ላልጠበቀ «በቃህ» ማለቱ ነው። ስለዚህ አንባቢ ለአንድ ዘርፍ አዲስ ማበረታቻ ተፈቀደ የሚል ዜና ሲሰማ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በምላሹ ምን ተጠየቀ? ማን ይለካዋል? ካልተፈጸመስ መቼ ይነጠቃል? መልስ ከሌለ የተሰጠው ስጦታ እንጂ የልማት ፖሊሲ አይደለም።