ከአቤቱታ ወደ ነጻነት፦ የአሜሪካን አብዮት የለኮሱ ቀጫጭን መጻሕፍት

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1775 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ላይ፣ የእንግሊዝ ወታደሮችና የአገሬው ሚሊሻ ተታኩሰው ደም ፈሰሰ። በጁን ደግሞ ቦስተን አጠገብ በንከር ሂል ላይ ብዙ ሰው አለቀ። እንዲህም ሆኖ ፊላደልፊያ የተሰበሰበው የቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ በጁላይ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የላከው የታማኝ ተገዢ አቤቱታ ነበር። በዓመቱ፣ በጁላይ 1776፣ ያው ጉባኤ ነጻነት አወጀ። በእነዚያ አሥራ ሁለት ወራት የሰውን ልብ ያዞረው ጥይት ብቻ አልነበረም።

የዘመኑ ፓምፍሌት ጥቂት የታተሙ ወረቀቶች ታጥፈው፣ ጠርዛቸው በክር ተሰፍቶ፣ ያለ ደረቅ ሽፋን የሚሸጡበት ቀጭን መጽሐፍ ነው። ፊደል ለቃሚው የእርሳስ ፊደላቱን አንድ በአንድ ይደረድራል፤ አንዱ ሠራተኛ ቆዳ በለበሰ ድቡልቡል መቀቢያ ቀለም ይቀባል፤ ሌላው ወረቀቱን አስተካክሎ የማተሚያውን እጀታ ይስባል። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ከትልቅ መጽሐፍ ጋር ሲነጻጸር ርካሽና ፈጣን ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው በሳምንታት ውስጥ ይመልስበታል። ማንበብ የማይችለውም ሰው በመጠጥ ቤት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይሰማል።

ክርክሩን ያጋለው የ1765ቱ የቴምብር ሕግ ነው። ሕጉ በጋዜጣ፣ በፓምፍሌት፣ በፍርድ ቤት ሰነድ፣ በመጫወቻ ካርታ ላይ ሳይቀር ግብር ጣለ። ለንደን በዚህ አንድ ሕግ ጠበቆችንና አታሚዎችን፣ ማለትም መጻፍና ማሳተም ሥራቸው የሆኑትን ሰዎች፣ አንድ ላይ አስቆጣች። የቦስተኑ ጠበቃ ጄምስ ኦቲስ ከዚያ በፊት በ1764 ስለ ቅኝ ግዛቶቹ መብት ጽፎ ነበር። ጆን ዲኪንሰን ከ1767 ጀምሮ፣ ጠበቃ ሆኖ ሳለ ራሱን የፔንሲልቬኒያ ገበሬ ብሎ፣ አሥራ ሁለት ደብዳቤዎች አወጣ። ጥያቄያቸው ግን የእንግሊዝ ፓርላማ እኛ ሳንወከል ግብር ሊጥልብን ይችላል ወይ የሚል ነበር። አብዛኞቹ ንጉሡን አልነኩም፤ ያሳሳቱት ሹማምንቱ ናቸው እያሉ አለፉ።

ያንን አጥር የሰበረው ቶማስ ፔይን ነው። እንግሊዝ አገር ኮርሴት ሰፊ፣ ቀጥሎም የኤክሳይዝ ታክስ ሠራተኛ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች ደመወዝ እንዲሻሻል ፓምፍሌት ጽፎ ተሟገተ፤ በ1774 ከሥራው ተባረረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በ37 ዓመቱ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ፊላደልፊያ ገባ። ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽ እንዲጽፍ ሲያበረታታው ነጻነት የሚለውን ቃል ግን እንዳይጠቀም መክሮት ነበር። ፔይን ምክሩን አልተቀበለም። የጽሑፉን ርእስ «ኮመን ሴንስ» ያለው ግን ራሱ ረሽ ነው። በጃንዋሪ 1776 ያለ ደራሲ ስም ወጣ።

ለእኔ የጽሑፉ ጉልበት የተናገረበት መንገድ ነው። ጠበቆቹ የላቲን ጥቅስና የሕግ አንቀጽ ሲደረድሩ፣ ፔይን አናጢውና ገበሬው በቃሉ የሚያውቀውን መጽሐፍ ቅዱስ ገለጠ። እስራኤላውያን ንጉሥ ስጠን ሲሉ ሳሙኤል ምን ብሎ እንዳስጠነቀቃቸው አስታውሶ ንጉሥ መሻት በደል ነበር ሲል ተከራከረ። የእንግሊዝ ነገሥታትን መነሻም ታጣቂ አስከትሎ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ሕዝቡ ሳይፈልገው የነገሠ ሰው ነው አለ። ቀጥሎ ወደ ተግባሩ ገባ፤ ራሳችሁን የእንግሊዝ ተገዢ እያላችሁ ፈረንሳይና ስፔን እንዴት ይረዷችኋል? ንጉሡ ቅኝ ግዛቶቹ በአመፅ ላይ ናቸው ያለበት የኦክቶበር ንግግርም ፊላደልፊያ የደረሰው በእነዚያው ቀናት ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በኤፕሪል 1776 በጻፈው ደብዳቤ፣ ጽሑፉ በቨርጂኒያ የብዙዎችን አሳብ እየለወጠ መሆኑን ከአገሩ በሚደርሱት መልእክቶች እንደተረዳ ገልጿል።

ፔይን በሦስት ወር 120,000 ቅጂ እንደተሸጠ ተናግሯል፤ ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሚሊዮን ያሉም አሉ። በእጅ የሚሠራ ማተሚያና የዘመኑ የወረቀት እጥረት ሲታሰብ ይህ ለማመን ይከብዳል። የሚያጠራጥር ቁጥር ሳያስፈልግ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በብዙ ከተሞች ደጋግሞ መታተሙና ወደ ጀርመንኛ መተርጎሙ በቂ ማስረጃ ነው። ፔይን የትርፍ ድርሻውን ወደ ኩቤክ ለዘመቱ ወታደሮች የእጅ ሹራብ መግዣ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ አታሚው ሮበርት ቤል ትርፍ የለም ሲለው ተጣሉ።

የዚህ ታሪክ አንድ ገጽ ግን ያሳዝነኛል። በኒው ዮርክ አታሚው ሳሙኤል ላውደን፣ ራሱ የነጻነት ወገን ሆኖ ሳለ፣ ለፔይን መልስ የሚሰጥ ፓምፍሌት አትሞ ነበር። በማርች 1776 ሰዎች ሌሊት ቤቱ ገብተው ቅጂዎቹን ወስደው አቃጠሉ። ነጻነትን የሰበከው ጽሑፍ በእሳት መከላከል አያስፈልገውም ነበር፤ ክርክሩን በራሱ ይችላል።

ሌላም የታለፈ ድምፅ ነበር። በኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ፣ ቄስ ሳሙኤል ሆፕኪንስ በዚያው በ1776 ስለ አፍሪካውያን ባርነት ፓምፍሌት ጽፎ ለጉባኤው አቀረበ። ለራሳችሁ ነጻነት ስትታገሉ ሌላውን ሰው እንዴት በሰንሰለት ትይዛላችሁ የሚል ሙግት ነበር። ያ ጉባኤ ከነጻነት መግለጫው ረቂቅ ላይ የባሪያ ንግድን የሚያወግዘውን አንቀጽ ሰረዘ። ሮድ አይላንድ በ1784 ቀስ በቀስ ነጻ የማውጣት ሕግ ደነገገች፤ ባርነትን በመላ አገሪቱ የከለከለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው ግን በ1865 ነው።