ሐዲድ እንዴት ይጠበቃል? ከባሮ ዳር እስከ ድሬዳዋ



ጋምቤላ ውስጥ ሐዲድ የለም። ሆኖም ከተማችን ከባቡር ጋር በወረቀት ተገናኝታ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። በዚያው ውል ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ የባቡር መስመር በኢትዮጵያ መሬት እንዲያልፍም ተስማሙ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ባቡሩ ግን ሳይሠራ ቀረ።

የተሠራው በምሥራቅ በኩል ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ የግል ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ሥራውን የተረከበው በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ነው።

ታዲያ አሮጌውን ለምን እንጠብቅ? መልሱ በስፋቱ ውስጥ አለ። በአሮጌው መስመር ሁለቱ ሐዲዶች የሚራራቁት 1 ሜትር ሲሆን በአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ አሮጌው ሎኮሞቲቭ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። የራሱ ሐዲድ ከጠፋ የቆመ ብረት ብቻ ይሆናል።

ሐዲድን የሚያበላሸው ዋናው ነገር ውኃ ነው። የባቡሩ ክብደት ከሐዲዱ ወደ ተጋዳሚው፣ ከተጋዳሚው ወደ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ ወደ አፈሩ ይወርዳል። የጠጠሩ ሥራ ክብደቱን ማከፋፈልና ውኃ ማሳለፍ ነው። በጠጠሩ መካከል አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ከገባ ውኃ ይታቆርና ጭቃ ይሆናል፤ ተጋዳሚው ይሰምጣል፣ ሐዲዱም ይጎብጣል። እንደ ጋምቤላ ዝናብና ዛፍ በበዛበት አገር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ይፈጥን ነበር፤ ሥር ጠጠሩን ይፈነቅላል፣ ጥላው እርጥበቱን ያቆያል። ስለዚህ የጥገና የመጀመሪያው ሥራ ቀለም መቀባት አይደለም። ቦይ መጥረግ፣ ሣር መንቀል፣ ጠጠሩን ማጽዳት ይቀድማል።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። 10 ሜትር ሐዲድ ከሌሊት እስከ ቀን 30 ዲግሪ ቢሞቅ 3.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። በመጋጠሚያው ላይ ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። ክፍተቱ ከተደፈነ ሐዲዱ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ከሰፋ ደግሞ ጎማው ጫፉን እየደበደበ ይሰብረዋል። ብሎን ማጥበቅ፣ ክፍተቱንና የሁለቱን ሐዲዶች ርቀት መለካት የዘወትር ሥራ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ችግር የሰው ነው። ለአሮጌ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ መለዋወጫ ከገበያ አይገኝም፤ በቶርኖ ማሽን ተሠርቶ ይገጠማል። ይህ ሙያ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው በእጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። አባቶች ሳያስተምሩ ካለፉ ማሽኑ ቢኖርም የሚያንቀሳቅሰው አይኖርም። ሐዲዱ ደግሞ ጠባቂ ሲያጣ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይቀርባል።

ፊቅህ የተማርን እናውቃለን፤ የወቅፍ ገቢ አስቀድሞ የሚውለው ለንብረቱ ጥገና ነው፣ ተጠቃሚው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ምክንያቱም ያልተጠገነ ንብረት ለማንም አይተርፍም። ለጋራ ጥቅም የተሠራ ማንኛውም ነገር እንዲሁ አደራ ነው።

እኛ ከዚህ ሆነን ምን እናድርግ? ድሬዳዋ ዘመድ ያለን በዕረፍት ስንሄድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞችን እንጠይቅ፤ ሲፈቅዱልን ድምፃቸውን እንቅረጽ። የምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን በአሮጌው መስመር ላይ ማድረግ ይችላሉ። እዚሁ ጋምቤላም የባሮን ወደብ ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ሳያልፉ እንድረስላቸው። የቀረውን ብረት ከቦታው ማንሳት ግን ታሪኩን ማንሳት ነውና እንጠንቀቅ። አላህ አደራ ጠባቂ ያድርገን፤ አሚን።