የመቀሌ ሕፃናት ስምና ምስጢሩ

ከመሐል አገር አዲስ ወደ መቀሌ የመጣ ሰው የመጀመሪያው ድንጋጤ በስም የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። አንዲት እናት ከደጇ ብቅ ብላ ልጇን «ግደይ!» ብላ ትጣራለች። በአማርኛ ጆሮ ለሰማው፣ ቃሉ ለሴት የተሰጠ የመግደል ትእዛዝ ነው። በትግርኛ ግን «ግደ» ማለት ድርሻ ነው፤ «ግደይ» ሲሉ «ድርሻዬ» ማለታቸው ነው። እናቲቱ ከዚህ ሰፊ ዓለም ለእኔ የደረሰኝ ይህ ነው ትላለች እንጂ በማንም ላይ ክፉ አላሰበችም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ ጨዋ ስም ከየት ይገኛል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በእኔ አስተያየት ግን መልአኩ ብዙውን ጊዜ አያት ናት። እርሷም ስሙን ስታወጣ የማን እንደ ሆነ በመጨረሻው ፊደል ታሳውቃለች። «ይ» የጨመረችበት እንደ ሆነ «የእኔ» ይሆናል፤ ጸጋይ ጸጋዬ፣ ተስፋይ ተስፋዬ ነው። ይህስ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው «ኦም» የሚጨመርበት ነው። ሃፍቶም ሀብታቸው፣ ክብሮም ክብራቸው፣ መብራህቶም መብራታቸው ማለት ነው። የእነማን ቢሉ፣ የቤተ ዘመዱ ሁሉ! ሕፃኑ የእናቱና የአባቱ ብቻ አለመሆኑን በስሙ እየሰማ ያድጋል። ሓለፎምና ሓየሎም የተባሉት ደግሞ ጠንከር ያሉ ናቸው፤ አንደኛው «አለፋቸው»፣ ሁለተኛው «በረታባቸው» ነው። እነማንን እንደ ሆነ ጎረቤት ሳያውቀው አይቀርም።

የሴቶቹ ስም ሌላ ምስጢር አለው። ለተብርሃን፣ ለተኪዳን፣ ለተማርያም ሲባል «ለተ» የግዕዙ «ወለተ» ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ወ»ን ጥሎ መጣ። ወለተ ብርሃን የብርሃን ልጅ ማለት ነው። በሌላው አገር ወለተ የሚለው ስም ብዙውን ጊዜ በክርስትና ስምነት ተሸሽጎ ሲኖር፣ በትግራይ ግን በአደባባይ ይጠራል፤ ዓለምም ሰምቶታል። ሯጯ ለተሰንበት ግደይ በ2013 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሄንግሎ ከተማ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ1.03 ሰኮንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በዩጂን በዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የውጭ አገር ጋዜጦች «ግደይ አሸነፈች» እያሉ ጻፉ። ያሸነፈችው ግን የሰንበት ልጅ ለተሰንበት ናት፤ ግደይ አባቷ ናቸው።

ፈረንጆቹን አብዝተን እንዳንወቅሳቸው፣ በትግራይም ቢሆን ሰውን በአባቱ ስም መጥራት የቅርበት ምልክት ነው። ወንዱ «ወዲ ግደይ»፣ ሴቲቱ «ጓል ግደይ» ትባላለች፤ የግደይ ልጅ ለማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ «ወዲ» እና «ጓል» መኖራቸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይኑረው ብሎ ነበር። ሕጉ በብዙ ነገር ሲሠራበት ኖረ፤ የቤተሰብ ስሙ ነገር ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ማን የልጁን ድርሻ ለልጅ ልጅ ልጅ ያወርሳል?

ስም መቁረጥስ? በ2003 ዓ.ም. የኒው ዮርክን ማራቶን ያሸነፈው የትግራይ ተወላጅ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም ለባዕድ ምላስ ረዘመና «ገብሬ» ተባለ። የእኔም ተማሪዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። ስም ስጠራ ገብረሥላሴም ገብረሕይወትም «ገብረ» ተብለው ሁለቱም በአንድ አፍ «አቤት» ይላሉ። «ገብረ» ማለት የእገሌ አገልጋይ ማለት ነው፤ ጌታውን ቆርጦ አገልጋዩን ብቻ ማስቀረት ምን ይባላል?

አሁን ወደ ከባዱ ስም እንለፍ። ካሕሳይ «ካሣዬ» ማለት ነው። ወንድሙ ወይም እኅቱ ወይም አባቱ ከሞቱ በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጣ ስም ነው። ትኩእም የተተካ ማለት ነው። በአማርኛ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ማስረሻ እንደሚባለው ነው። መቀሌን መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ስማቸው ካሳ ነበር፤ ከእርሳቸው በፊት የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስም እንዲሁ ካሳ ነበሩ። ስሙ ለነገሥታትም የበቃ ነው። ነገር ግን ማስረሻን አስቡት፤ ኀዘኑን ያስረሳል ተብሎ የተሰየመው ልጅ በተጠራ ቁጥር የሞተው ይታወሳል። ልጁ በቀን ዐሥር ጊዜ ይጠራል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት በብዙ ቤት ሰው ጐደለ። በዚያ ጊዜ የተወለዱት ሕፃናት አሁን ፊደል ለመቁጠር ደርሰዋል። አንዳንድ ወጣት ወላጆች ልጄ የሌላውን ሰው ሞት ለምን ይሸከማል ብለው፣ ካሕሳይን ትተው ናሆም የሚለውን ይመርጣሉ፤ ለጆሮም ደስ ይላል። ዳሩ ግን ናሆም በዕብራይስጥ መጽናኛ ማለት ነው! በደጅ የሸኙት ስም በጓሮ ገባ። እኔ ካሕሳይም ናሆምም ቢባል አልቃወምም። የምቃወመው ካሕሳይ ተብሎ፣ የማን ካሣ እንደ ሆነ ሳይነገረው አሥራ አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ ክፍል ውስጥ ማግኘትን ነው። ስለ ስሙ ትርጉም ሲጠየቅ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ጓደኞቹም የሽማግሌ ስም ነው ብለው ይስቁበታል። የሞተው አጎቱ ወይም ወንድሙ ማን እንደ ነበረ፣ ምን ይወድ እንደ ነበረ ቢያውቅ ግን ስሙ ሸክም ሳይሆን ዘመድ ይሆንለታል።

ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣል፤ ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል። የመንግሥት የልደት መዝገብ ደግሞ 90 ቀን ይጠብቃል። በቅጹ ላይ የሕፃኑ ስም፣ የአባቱና የእናቱ ስም፣ የትውልድ ቦታውና ቀኑ ይሞላል፤ ስሙ ለምን እንደ ወጣ የሚጻፍበት መስመር ግን የለውም። ይህን የምታውቀው አያትየዋ ናትና፣ ወደ መዝገቡ ከመሄድዎ በፊት እርሷን ጠይቀው ከቅጹ ጀርባ ላይ ቢሆን እንኳ ይጻፉት።