በቅርስ ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ሲገኝ፦ ከማጽዳት በፊት ሊደረግ የሚገባው

በግድግዳ ላይ የተጻፈ ስም ወይም ምልክት በብዙዎች ዘንድ እንደ ተራ ቆሻሻ ይቆጠራል። የሥነ ሕንፃ ምሁራን ግን ጉዳዩን በሌላ ዓይን ይመለከቱታል። ምሁሩ ኮንስታንቲኖስ አቭራሚዲስ በኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን በአቴንስ ግድግዳዎች ላይ የተጻፉትን ያጠና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በግድግዳ ጽሑፍና በከተማ ዙሪያ የተዘጋጀ የጥናት ስብስብ ከአንዲት ባልደረባው ጋር በአርታኢነት አሳትሟል። በዚህ አመለካከት ጽሑፉ ካረፈበት ሕንፃ ተነጥሎ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የፖምፔ ነዋሪዎች ስለ ምርጫና ስለ ገበያ ምን ይሉ እንደነበር የሚታወቀውም በአብዛኛው ከግድግዳዎቿ ነው።

ይህ ለዋግ ኽምራ ነዋሪዎች ሩቅ ነገር አይደለም። በሰቆጣ አቅራቢያ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ በሰሃላና በሌሎች ወረዳዎች የሚገኙ ነባር አብያተ ክርስቲያናትም ግድግዳቸው ራሱ ሰነድ ነው። ትናንት በቀለም የተረጨ ስም ጉዳት ነው፤ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ተሳላሚ የጫረው ስም ግን የታሪክ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት የባለሙያ ሥራ ነው።

በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ጽዳት ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። የሽቦ ብሩሽና አሲድ የድንጋዩን ገጽ ይልጣሉ፤ የተላጠው አይመለስም። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ቀለሙን ወደ ድንጋዩ ውስጥ ያሰርጉታል። በኖራ መለሰንም መፍትሔ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ሥዕል ሊሸፍን ይችላልና።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የጥበቃና የጥገና ሥራ የሚከናወነው በቅድሚያ ባለሥልጣኑ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ያገኘ ሰው ግድግዳውን ሳይነካ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ያየበትን ቀንና ሥፍራ ይመዝግብ፤ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያመልክት። ከሰሃላ የቀረበ ጥቆማ በሰቆጣ በሚገኘው የብሔረሰብ አስተዳደሩ መምሪያ በኩል ወደ ክልሉ ቢሮና ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሊተላለፍ ይችላል። ማመልከቻው በጽሑፍ ቢሆንና ቅጂው በአመልካቹ እጅ ቢቀር ይመረጣል።

ቅርስ ባልሆነ የግል ቤት ወይም አጥር ላይ ያለፈቃድ የተጻፈ ከሆነ ግን ጉዳዩ በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ ባለቤቱ ለፖሊስ አቤት ማለት፣ ግድግዳውንም ራሱ ማስጸዳት ይችላል።