ኮንክ፦ ከበሩ በላይ ያለው ፍርድ

በደቡብ ፈረንሳይ፣ አቬሮን በሚባለው አካባቢ፣ ከገደል ጥግ የተለጠፈች ኮንክ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የቤቶቿ ክዳን ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በመካከላቸው ለመንደሯ የማይመጣጠን ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ የቅድስት ፏ ገዳም ቤተ ክርስቲያን። ብዙ ጎብኚ ከመኪናው ወርዶ ፎቶ ያነሳል፣ ውስጡን አንድ ዙር ይዞራል፣ ከዚያ የቅድስቲቱን የወርቅ ሐውልት ለማየት ወደ ዕቃ ቤቱ ይጣደፋል። ያሳዝናል። ሕንፃውን ማየት የሚጀመረው ሠሪዎቹን ያስጨነቃቸው ምን እንደነበር ከታወቀ በኋላ ነው። የጭንቀታቸው ምንጭ ሁለት ነበር፦ የሕዝቡ ብዛትና የድንጋዩ ክብደት።

ሕዝቡን ያመጣችው አንዲት ልጅ ናት። ትውፊቱ እንደሚለው ፏ በሮማውያን ዘመን፣ በ303 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአዣን ከተማ ስለ እምነቷ የተገደለች የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ዐፅሟ እስከ 9ኛው መቶ ዘመን በዚያው በአዣን ኖረ። በ866 አካባቢ ግን አንድ የኮንክ መነኩሴ ወደ አዣን ሄዶ ዐፅሙን ከሚጠብቁት አገልጋዮች ጋር ለዓመታት ኖረ፤ አመኔታ ካገኘ በኋላ ዐፅሙን ሰርቆ ወደ ገዳሙ ይዞት መጣ። ገዳሙ ታሪኩን አልደበቀም። የቅድስቲቱ ፈቃድ ነው ብሎ በኩራት ጻፈው። ከዚያ በኋላ ሕሙማን መጡ፣ ዐይነ ስውራን መጡ፣ በስሟ ለምነው ከእስር የተፈቱ ሰዎችም ሰንሰለታቸውን ተሸክመው መጡ። መቅደሱን የከበበው የብረት አጥር ከዚሁ ሰንሰለት ተቀጥቅጦ እንደተሠራ ይነገራል። ኮንክ በስፔን ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር፣ ወደ ሳንትያጎ ደ ኮምፖስቴላ፣ በእግር ለሚጓዙ ምእመናንም ማረፊያ ሆነች። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ ሰው መያዝ አቃተው። በ11ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አበምኔት ኦዶልሪክ አዲሱን ሕንፃ አስጀመረ፤ ሥራው እስከ 12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቀጠለ።

ውስጥ ሲገቡ ዝም ብለው መሠዊያውን አልፈው በጀርባው በኩል ይዙሩ። መንገዱ ከአንዱ ጎን ገብቶ፣ መሠዊያውን በግማሽ ክብ ከብቦ፣ በሌላው ጎን ይወጣል፤ በዙሪያው ትናንሽ ጸሎት ቤቶች ተደርድረዋል። ይህ ለውበት ብቻ አልተሠራም። መነኮሳቱ በመካከል ሰዓታቸውን ሲቆሙ፣ ተሳላሚው ሳያውካቸው ወደ ዐፅሙ ቀርቦ፣ ተሳልሞ፣ ከኋላው ለሚመጣው ቦታ ለቆ እንዲወጣ ነው። በቱሉዝ ያለው የቅዱስ ሰርናን ቤተ ክርስቲያንና የሳንትያጎው ካቴድራልም ለተሳላሚ ያበጁት መንገድ ይህንኑ የመሰለ ነው።

ቀጥሎ ቀና ይበሉ። ጣሪያው ከወለሉ 22 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ድንጋይ ነው። ሮማኔስክ የሚባለው አሠራር፣ ማለትም ከ1000 እስከ 1200 ገደማ በምዕራብ አውሮፓ የተስፋፋው፣ ትልቁ ድፍረቱ ይህ ነበር። የእንጨት ጣሪያ በቀላሉ በእሳት ይጋያል፤ የድንጋይ ጣሪያ እሳትን ይቋቋማል፣ የመነኮሳቱንም ዜማ አጉልቶ ይመልሳል። ችግሩ ግን ይህ ነው፦ የድንጋይ ቅስት ወደ ታች ብቻ አይከብድም፤ ወደ ጎንም ይገፋል። ሁለት ሰዎች መዳፍ ለመዳፍ ተገፋፍተው ሲቆሙ እግራቸው ወደ ኋላ እንደሚንሸራተት ሁሉ፣ የቅስቱም እግሮች ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ስለዚህ ግድግዳው ወፈረ። በጎንና በጎን ካሉት መተላለፊያዎች በላይ ፎቅ ተሠራ፤ የፎቁ ጣሪያ ግማሽ ቅስት ሆኖ የመካከሉን ግፊት ከውጭ ወደ ውስጥ መልሶ ይገፋል። የዋናው አዳራሽ ግድግዳ ከላይ በመስኮት ያልተከፈተው ለዚህ ነው። ብርሃኑ በጎን ካሉት መስኮቶችና ከፎቁ ተሻግሮ ይመጣል፤ ሲደርስም ለስልሷል። ጎብኚ “ጨለማ ነው” ሲል እሰማለሁ። ያ ጨለማ ድንጋዩን ከራስ በላይ ለማቆም የተከፈለ ዋጋ ነው።

ለእኔ ግን የኮንክ ልቡ ውጭ ነው፤ በምዕራቡ በር ላይ። ከሁለቱ የበር መዝጊያዎች በላይ ያለው ግማሽ ክብ ድንጋይ በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በምጽአት ፍርድ ሥዕል ተፈልፍሏል፤ በላዩ 124 ምስሎች ይቆጠራሉ። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትመታው ቅርጹ ይጎላል። ያኔ ይሂዱ፤ ሲያዩትም አይቸኩሉ። በአንዳንድ ቦታ የቀድሞው ሰማያዊና ቀይ ቀለም ዛሬም አልለቀቀም።

መጀመሪያ የክርስቶስን እጆች ይዩ። ቀኙ ወደ ላይ ተነሥቷል፣ ግራው ወደ ታች ወርዷል፤ የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት እጆች ይወጣል። በቀኙ፣ ለተመልካቹ በስተግራ፣ ሰልፍ አለ። እመቤታችን ትቀድማለች፣ ጴጥሮስ ቁልፉን ይዞ ይከተላል፤ ከበስተኋላ አንድ አበምኔት ንጉሥ ሻርለማኝን እጁን ይዞ ይመራዋል። ንጉሡ የገዳሙ ባለውለታ ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ቢሆንም አንገቱን ሰበር አድርጎ በመነኮሳቱ ምልጃ እንደሚገባ ሰው ነው የተቀረጸው። ከእነርሱ በታች ባለችው ጥግ አንዲት ትንሽ ልጅ ከሰማይ በተዘረጋች እጅ ፊት ተደፍታለች። ፏ ናት። ከኋላዋ ባሉት ቅስቶች ላይ የእስረኞቹ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ቀራጩ ከሩቅ አገር የመጡት ሁሉ የሰሙትን ታሪክ በአንዲት ጥግ ላይ አኖረው።

በመካከል ቅዱስ ሚካኤል ከአንድ ጋኔን ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ነፍስ ይመዝናል፤ ጋኔኑ ሚዛኑን በጣቱ ተጭኖ ሊያጭበረብር ይሞክራል። በአገራችን ሚዛን ያለበትን የበላዔ ሰብን ሥዕል ያየ ሰው እዚህ እንግዳ አይሆንም። ከሥራቸው ሁለት በሮች ጀርባ ለጀርባ ተሠርተዋል። በአንዱ መልአክ የዳነውን እጁን ይዞ ያስገባዋል፣ በሌላው ጋኔን የተኮነነውን ወደ አውሬ አፍ ይገፈትረዋል።

ለተመልካቹ በስተቀኝ ሲኦል ነው፤ ቀራጩ ነፃነቱን ያገኘው እዚህ ይመስለኛል። ፈረሰኛው ተዘቅዝቆ ከፈረሱ እየተወረወረ ነው፤ ትዕቢተኛ ነበር። ስስታሙ የገንዘብ ከረጢቱ ከአንገቱ ሳይወርድ ተሰቅሏል። ሌላው ምላሱ እየተነቀለ ነው። አንዱ ደግሞ እንደ ሥጋ እሳት ላይ ይጠበሳል፤ ከጠባሾቹ አንዱ የጥንቸል ራስ ያለው ነው፣ በዚህም ምክንያት ብዙዎች ተጠባሹን ሕገ ወጥ አዳኝ ይሉታል። ከፍ ብሎ ጋኔን በመረብ ያጠመዳቸው መነኮሳት አሉ፤ አንዱ የአበምኔት በትር ጨብጧል። ገዳሙ የራሱን ሰዎች፣ ያውም አለቆችን፣ በገዛ በሩ ላይ ሲኦል ማስገባቱን እጅግ አከብራለሁ። በላቲን የተቀረጸው ጽሑፍም ኃጢአተኞች አካሄዳቸውን ካልለወጡ ፍርዱ እንደሚከብድባቸው ያስጠነቅቃል። ከመሄድዎ በፊት የዙሪያውን ቅስት ጠርዝ ይመልከቱ፤ ጥቃቅን ፊቶች ጠርዙን በጣቶቻቸው ይዘው ወደ ታች ያጮልቃሉ።

የወርቁን ሐውልት ከዚህ በኋላ ማየት ይሻላል። ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅና በከበረ ድንጋይ የተለበጠ የፏ ምስል ነው፤ የምስሉ ጭንቅላት ግን ከመጨረሻው የሮማውያን ዘመን የተረፈ ነው። በ1013 ከአንዤ የመጣው መምህር በርናር መጀመሪያ ሲያየው ጣዖት መስሎት ነቀፈ፤ በኋላ ግን የቅድስቲቱን ተአምራት የጻፈው እርሱ ራሱ ሆነ። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የመንደሩ ሰዎች ንዋያተ ቅድሳቱን ስለደበቁ ከመቅለጥ ተረፉ። ሕንፃው ራሱ ሊፈርስ ደርሶ ነበር፤ በ1837 የመጣው የታሪካዊ ቅርሶች ተቆጣጣሪ፣ ደራሲው ፕሮስፔር ሜሪሜ፣ እንዲጠገን ተከራከረለት።

መስኮቶቹ ግን የዘመናችን ናቸው። በአቅራቢያው በሮዴዝ የተወለደው ሠዓሊ ፒየር ሱላዥ፣ ሥዕልን የሕይወቱ ሥራ ለማድረግ በልጅነቱ የወሰነው እዚሁ ነው። ለ104ቱ ክፍተቶች ሁሉ ቀለም የሌለው መስተዋት አዘጋጅቶ በ1994 አስገጠመ። መስተዋቱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ውጭውን ግን አያሳይም፤ በላዩ ጥቁር የእርሳስ መስመሮች ብቻ ይጎነበሳሉ። ከመንደሩ ሰዎች ብዙዎች ተቃውመውት ነበር፤ በፊት የነበሩት ባለቀለምና ባለሥዕል መስኮቶች ነበሩና። እኔ ከሠዓሊው ጎን ነኝ። ባለቀለም መስተዋት ግድግዳውን የራሱን ቀለም ይቀባዋል፤ የሱላዥ መስተዋት ግን ቢጫውን፣ ቀላ ያለውንና ግራጫውን ድንጋይ በየራሱ መልክ ይተወዋል። ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ ገብተው ቢያዩ ልዩነቱ ይታያል፤ ብርሃኑ ሰማያዊ ሆኖ የነበረበት ጎን ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቅዎታል።