ካቴተሩ እሳቱን ሲተው

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 ማብቂያና በ2024 መግቢያ (እ.ኤ.አ.) የልብ ምት መዛባትን በኤሌክትሪክ ለሚያክሙ ሁለት የፐልስድ ፊልድ መሣሪያዎች ፈቃድ ከሰጠ ወዲህ፣ የልብ ምት ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። የሜድትሮኒኩ ፐልስሴሌክት ቀደመ፣ የቦስተን ሳይንቲፊኩ ፋራፐልስ ተከተለ።

የካቴተሩ መንገድ የድሮው ነው፤ በብሽሽት ደም መልስ ገብቶ ቀኝ ልብ ይደርሳል፣ ግድግዳውን በስቶ ወደ ግራው የላይኛው ክፍል ይሻገራል። አብሌሽን የሚባለው ምቱን የሚያዛባውን ጡንቻ መግደል ነው፤ ከነባሮቹ መሣሪያዎች ሬዲዮ ሞገድ በሙቀት፣ ክራዮባሉን በቅዝቃዜ ይገድለዋል። አዲሱ ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ለማይክሮ ሰከንዶች ለቅቆ የሴሉን ሽፋን ይበሳሳዋል። የልብ ጡንቻ በዚህ ጉልበት ከነርቭና ከምግብ ቧንቧ ቀድሞ ይሞታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የምግብ ቧንቧ ከዚያው ክፍል ጀርባ ተጠግቶ ስለሚያልፍ፣ በሙቀት ከተበሳ (አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው) በሽተኛውን ሊገድለው ይችላል። ሆኖም በ2023 የወጣው የአድቬንት ጥናት ያሳየው አዲሱ ከነባሮቹ እንደማያንስ እንጂ እንደሚበልጥ አይደለም። በጥር 2025 ደግሞ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ስትሮክ በመታየቱ ቫሪፐልስ የተባለውን የራሱን የፐልስድ ፊልድ መሣሪያ በአሜሪካ ለጊዜው አቁሞ ነበር።

እንደ ቮልፍ ፓርኪንሰን ኋይት ያሉት የምት መዛባቶች በአብዛኛው በአንድ ጊዜ አብሌሽን ስለሚድኑ ብዙ አያከራክሩም። ክርክሩ ያለው የልብ የላይኛ ክፍሎች ያለ ሥርዓት በሚርገበገቡበት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላይ ነው። በ1998 የቦርዶው ሚሼል አይሳጌር በ45 በሽተኞች ላይ አጥንቶ፣ የተዛባውን ምት የሚያስነሳው በአብዛኛው ከሳንባ የሚመለሱት ደም ሥሮች አፍ አካባቢ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ እነዚያን አፎች መክበብ ያዘ።

ግን በሽተኞቹ የሚሻላቸው ከአብሌሽኑ ነው ወይስ ታክመናል ከማለት? በ2019 የወጣው የካባና ጥናት 2,204 ሰዎችን ይዞ፣ አብሌሽን ከመድኃኒት ጋር ሲነጻጸር ሞትንና ከባድ ስትሮክን ጨምሮ በተቆጠሩት ጉዳቶች ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ለመድኃኒት ከተመደቡትም ከሩብ በላይ የሚሆኑት ወደ አብሌሽን ተሻግረዋል። የኑሮ ጥራት ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ሁሉም ምን እንደተደረገለት ያውቅ ነበር።

እኔ ከአዲሱ መሣሪያ ይልቅ የምደነቀው በ2024 በታተመው የእንግሊዝ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 126 በሽተኞችን አደንዝዘው ሲያበቁ፣ ለግማሾቹ አብሌሽን፣ ለግማሾቹ የማስመሰያ ሕክምና አደረጉላቸው። ከቆዳ ሥር የተቀበረ መቅጃ የተዛባው ምት የሚቆይበትን ጊዜ ቆጠረ፤ በአብሌሽን 60 ከመቶ፣ በማስመሰያው 35 ከመቶ ቀነሰ። የተሻለ የተሰማቸውም አብሌሽን የተደረገላቸው ናቸው። ማስመሰያ የሌለው ጥናት ቢሆን ኖሮ ግን ያን 35 ከመቶም ለካቴተሩ ይቆጥርለት ነበር።