የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን የጎማ ጓንት ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ

በወልቂጤና በቡታጅራ በሕንፃ መሣሪያ ንግድ የተሰማሩ ነጋዴዎቻችን ከመርካቶ ጭነው በሚያወርዱት ዕቃ መካከል ሚስማር፥ የኤሌክትሪክ ገመድ፥ ፒንሳና ካቻቢቴ ብዙውን ጊዜ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ከእነዚሁ ጎን የሚሰቀለው የጎማ ጓንት ግን ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ፤ ይኸውም ሚስማር ቢጣመም ሌላ ይመታል፥ የጓንት ጉድለት ግን የሚታወቀው ገዢው ሽቦውን በጨበጠ ጊዜ ነው። ስለዚህ አስመጪውም ባለሱቁም ይህን ዕቃ በምን ለይቶ እንደሚያውቀው ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

በቅድሚያ ጓንቱ የሚከላከለው ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በአገራችን የማከፋፈያ መስመሮች ከምሰሶ ምሰሶ በላይኛው በኩል የሚዘረጉት ሽቦዎች በአብዛኛው 15,000 ወይም 33,000 ቮልት የሚይዙ ሲሆኑ፥ ትራንስፎርመሩ ይህን ዝቅ አድርጎ ለቤትና ለሱቅ 220፥ ለወፍጮና ለመሳሰለው ሞተር ደግሞ 380 ቮልት ይሰጣል። ከባለሙያዎች መካከል 220 ቮልትን የሚንቁ አይጠፉም። ነገር ግን የአንድ ሰው አካል ተቃውሞ 1,000 ኦም ያህል ቢሆን 220 ቮልት በውስጡ 220 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። 10 ሚሊ አምፔር ያህሉ ጡንቻን አኮማትሮ እጅ ከሽቦው እንዳይላቀቅ ለማድረግ የሚበቃ ሲሆን፥ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነው ጥቂት ከቆየ የልብን አመታት ሊያዛባ ይችላል። እጅ በክረምት ዝናብ የራሰ እንደ ሆነ ተቃውሞው ይበልጥ ይቀንሳል።

ለኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ጓንት በዓለም አቀፉ መለኪያ በስድስት ክፍል ይመደባል። ክፍል 00 እስከ 500 ቮልት፥ ክፍል 0 እስከ 1,000፥ ክፍል 1 እስከ 7,500፥ ክፍል 2 እስከ 17,000፥ ክፍል 3 እስከ 26,500፥ ክፍል 4 እስከ 36,000 ቮልት ባለው መስመር ላይ ያገለግላሉ። ከዚህ እንደምንረዳው ለቤትና ለሱቅ የመስመር ሥራ ክፍል 00 ወይም 0 ይበቃል፤ ለ15,000 ቮልት መስመር ክፍል 2፥ ለ33,000 ቮልት ግን ክፍል 4 ያስፈልጋል። ክፍል 3 ለ33,000 አይበቃም። አስመጪ «ወፍራሙን ጎማ ላክልኝ» ብሎ ቢያዝ ምን እንደሚመጣለት አይታወቅም፤ ትእዛዙ የክፍሉን ቁጥር መጥቀስ አለበት።

እውነተኛው ጓንት በክንዱ ጫፍ አካባቢ ጽሑፍ አለው። የሠሪው ፋብሪካ ስም፥ መጠኑ፥ የክፍሉ ቁጥር፥ የተሠራበት ወርና ዓመት፥ እንዲሁም ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ተደራርበው የሚታዩበት ምልክት ይገኙበታል። ይህ ምልክት ዕቃው ኃይል ባለው መስመር ላይ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ መሆኑን ያሳያል፤ በ1,000 ቮልት ፒንሳና ካቻቢቴ ላይም ይኸው ምልክት ይታተማል። አንዳችም ጽሑፍ የሌለበት ጥቁር ጓንት ለባትሪ አሲድ ወይም ለቆሻሻ ማንሻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፥ የኤሌክትሪክ ነው ብሎ መሸጥ አይገባም። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደሚጻፍ ባለሱቆች ልብ ይበሉ፤ 03/2024 የሚለው የእኛን የካቲትና መጋቢት 2016 ዓ.ም. ማለት ነው።

ቀኑ የሚያስፈልገው ለወግ አይደለም። ጎማ ያረጃል። በመለኪያው መሠረት ከክፍል 1 እስከ 4 ያለው ጓንት በመጋዘን የተቀመጠ አዲስ ቢሆን እንኳ ባለፉት 6 ወራት ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ካልተፈተነ ለሥራ መዋል የለበትም። ለዝቅተኞቹ ክፍሎች በዓይን ማየትና በአየር መፈተን ይበቃል ይባላል። ይህም ቀላል ነው፤ ጓንቱን ከክንዱ ወደ ጣቶቹ ጠቅልሎ አየሩን ውስጡ ይዞ ወደ ጆሮና ወደ ጉንጭ ማስጠጋት ነው። አየር የሚያሾልክ ከሆነ በመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር አለበትና አይሸጥም። ገዢው ፊት ይህን የሚያደርግ ባለሱቅ ዕቃውን እንደሚያውቅ ያስመሰክራል።

በጉራጌ ከተሞች ያለው የሱቅ አሠራር በዚህ ረገድ አንድ ችግር አለው። ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሱቅ በበጋ ቀትር እንደ ምጣድ ይግላል፤ ለጓንቱ የሚመከረው የማከማቻ ሙቀት ግን ከ10 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በደጃፍ ላይ በፀሐይ ማንጠልጠል፥ አጥፎ መደራረብ፥ ከዘይትና ከነዳጅ ጋር ማስቀመጥ ሁሉም ጎማውን ይሰነጥቁታል። በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ፥ ሳይታጠፍ፥ ከመሬት አጠገብ በጥላ ቢቀመጥ ይሻላል።

ስለዚህ በበኩላችን የምንመክረው ክፍል 0ን በጥቂት በጥቂቱ ማከማቸት፥ ክፍል 2ንና ክፍል 4ን ግን ከሥራ ተቋራጩ ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ማስመጣት ነው። ለመስቀል ገበያ እንደሚከማች ዕቃ በብዛት ተገዝቶ የሚቀመጥ አይደለም። በጎማው ላይ የሚደረበው የቆዳ ጓንትም አብሮ መሸጥ አለበት፤ ሽቦና ስንጥር ጎማውን እንዳይበሳ የሚጠብቀው እርሱ ነውና። ቆዳው ብቻውን ከኤሌክትሪክ አያድንም።

ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች በአጭሩ፤ በአሜሪካ መለኪያ የሚመጣው ሄልሜት ኢ የሚል ፊደል ካለበት በ20,000፥ ጂ ካለበት በ2,200 ቮልት የተፈተነ ሲሆን፥ ሲ የተባለው ከኤሌክትሪክ ምንም አይከላከልም። ለክረምት ጭቃ የሚለበሰው የላስቲክ ቡትስ የኤሌክትሪክ ጫማ አይደለም። ለምሰሶ መውጫ የሚሆነው ቀበቶ ክሩ የተላላጠ ከሆነ አይጠገንም።

ጓንት ብቻውን የማያድንበት አንድ ጉዳይ ደግሞ ራሳቸውን ባለሱቆችን ይመለከታል። መብራት በጠፋ ጊዜ ጄኔሬተሩን ያለ ቼንጅ ኦቨር ከሱቁ መስመር ጋር የሚያገናኝ ሰው 220 ቮልቱን ወደ ውጭ ይልካል፤ ትራንስፎርመሩም ወደ ኋላ ሠርቶ ወደ 15,000 ከፍ ሊያደርገው ይችላል። መስመሩ ተዘግቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ በዚህ ሊሞት ይችላል። ጄኔሬተር የሚሸጥ ነጋዴ ቼንጅ ኦቨሩንም አብሮ ቢያቀርብ ትርፉ የሁለት ዕቃ ነው።

ገዢው ማን ነው ለሚለው፥ በ2006 ዓ.ም. ከቀድሞው ኮርፖሬሽን ተከፍሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ አይደለም። የግል ኤሌክትሪሺያኖች፥ ሥራ ተቋራጮች፥ ወፍጮ ቤቶችና ፋብሪካዎችም አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የጓንቱን ክፍልና ቀን መጻፍ ለሻጭም ለገዢም ማስረጃ ይሆናል።

በፈተና የወደቀ ወይም የተሰነጠቀ ጓንት ሲጣል ሳይቆረጥ መጣል የለበትም። ምናለሽ ተራ ደርሶ ታጥቦና ዱቄት ተነስንሶበት በግማሽ ዋጋ ተመልሶ እንዳይመጣ አምስቱን ጣቶች በመቀስ ቆርጦ መጣል ይገባል።